የአገር ውስጥ ሸሪክ

ልዕልት ሦስተኛውን ሣጥን ሚዛኑ አጠገብ ገለበጠችው። ከላይ የተደረደረው ማንጎ ወልውለው ያመጡት ይመስል ያበራል፤ ከሥር የነበረው ግን ጎን ጎኑ ጠቁሮ ለስልሷል።

"ቶፊቅ፣ ይኼ ከዛፍ የወረደ አይደለም፤ የወደቀ ነው።"

"ወላሂ፣ እትዬ ልዕልት፣ ትናንት ከሰዓት ነው የለቀምኩት።"

"መልቀሙንስ ለቅመኸዋል፤ ከመሬት። ዛፍ መውጣቱ ሰልችቶህ ነፋስ ቀጥረሃል።"

"ነፋስ ምን አለው? ደመወዝ አምጣ አይል፣ ምሳ አብላኝ አይል።"

ከኋላው በጋሪና በባጃጅ ተራ ይዘው የቆሙት ገበሬዎች ሳቁ። ልዕልትም ፈገግ ብላ ሣጥኑን በእግሯ ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገችው። የተመለሰ ፍሬ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

በማንጎ ወቅት ጠዋቷ ሁሉ ይኸው ነው። ወልድያ ከተከራየችው ቤት ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ ሚኒባስ ይዛ ስሪንቃን አልፋ መርሳ ትወርዳለች፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ግራና መንደር አቅጣጫ ጥቂት ሄዳ ጭማቂ ፋብሪካው በር ላይ ነጭ ጋዎኗን ትደርባለች። ፍሬ ታያለች፤ ከየጭነቱ አንድ ሁለቱን ቆርጣ ጣፋጭነቱን ትለካለች፤ የማይሆነውን ትመልሳለች። ወደ ውስጥ ገብታ ሴቶቹ የሚያጥቡትን፣ ማሽኑ የሚጨምቀውን፣ ቦይለሩ የሚያፈላውን ስትከታተል ይመሻል። ኬሚስትሪ ስትማር ያሰበችው ለአስተማሪነት ነበር። ወደዚህ ያመጣት ባሏ ወንዳወቅ ነው።

ቶፊቅ ሌላ ሣጥን ሊያወርድ ጎንበስ እንዳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እትዬ፣ ዛሬ ይፈርማሉ አሉ። እውነት ነው?"

በእጇ የያዘችው ቢላዋ ማንጎው ላይ ቆመ።

"ማነው ያለው?"

"ግራና ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። አባቴ ሲገላበጥ ነው ያደረው።"

"ማንጎውን ማን ይገዛናል ብለው ነው?"

ቶፊቅ ቀና ብሎ አያት። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

"በማንጎው ብቻ መስሎዎት ነው?" አለ። ከዚያ የተናገረው የከበደው ይመስል ሣጥኑን አነሳ። "ሼህ አብዱልሐሊም ይመጣሉ። እሳቸው ያናግሩዎት።"

ልዕልት ለማንም አልተናገረችም ነበር። ባለፈው ሳምንት የፋብሪካው ባለቤት ቱርኩ ከማል ቢሮው ጠርቶ ነገሩን ሲያስረዳት "እሺ" ያለችው በር ተዘግቶ ነው።

ፋብሪካው የሁለት ሰው ነው፤ ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው። ማሽኑን ይዞ ከቱርክ የመጣው ከማል ነው። ቦታውን፣ ውሃውንና ገበሬውን ይዞ የገባው ወንዳወቅ። ከማል ያኔ ብቻውን ፈቃድ ለማውጣት ሕጉ የሚጠይቀው ካፒታል አልነበረውም። የአገር ሰው ሸሪክ ለያዘ የውጭ ባለሀብት ግን መነሻው ዝቅ ስለሚል፣ ሸሪክ ሲያፈላልግ ወንዳወቅን አገኘ። ጦርነቱ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ማሽኑም ተነቃቀለ። ከማል ይመለሳል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ተመለሰ። አምና ደግሞ ወንዳወቅ ታመመ፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ በነበረበት ሰሞን። ልዕልት ስለዚያ ሳምንት አታወራም። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሲሞት ድርሻው በኑዛዜው ለእሷ ሆነ። ወረቀቱን ከእሱ ስም ወደ እሷ ስም ማዞሩን ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለች አሳደረችው።

አሁን ለከማል ገንዘብ የሚያስገቡ ሰዎች ተገኝተውለታል። ካፒታሉ ስለሚሞላ ሸሪክ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሸሪክ ያለበት ቤት አንገባም ነው የሚሉት። የአገር ሰው ድርሻ ተገዝቶ ፋብሪካው ሙሉ በሙሉ የውጭ ይሆናል፤ ማሽኑ ተነቅሎ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይተከላል። በመመሥረቻ ጽሑፉ መሠረት የአገሩ ሸሪክ ካልፈረመ አንድ ብሎን ከዚህ ግቢ አይወጣም። ከፈረመች ወልድያ የራሷን ቤት ትገዛለች፤ ኮምቦልቻም የጥራት ኃላፊነቱ ይጠብቃታል። "እሺ" ያለችው ግን ለቤቱ ስትል አልነበረም። ከዚህ ግቢ መራቅ ፈልጋ ነው።

ወደ ማጠቢያ ክፍሉ ስትገባ ረሂማ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ተቀበለቻት። ረሂማ የአጣቢዎቹ አለቃ ናት፤ ፋብሪካው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ አለች።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኮምቦልቻ እኛንም ይዘውን ይሄዳሉ?"

"ከማል የፈለገ ይመጣል ነው የሚለው።"

"የፈለገ!" ረሂማ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ዞረች። "ሰማችሁ? የፈለገ። እኔ ጠዋት እናቴን አብልቼ፣ ገላዋን አጥቤ ነው የምመጣው። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ ማን ይጠብቅልኛል? ማንጎውስ? እሱም እዚያ ቤት ሊከራይ ነው?"

ማንም አልሳቀም። ልዕልት ገንዳው ውስጥ ከሚንሳፈፈው አንድ ፍሬ አንሥታ አገላብጣ አየችው።

የግራናው ሽማግሌ ሼህ አብዱልሐሊም ረፋዱ ላይ መጡ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

"እንዴት አደሩ፣ አባቴ? ይግቡ እንጂ፤ ከጥላው ወንበር አለ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ። እዚሁ ይበቃኛል። ከገባሁ እንግዳ እሆናለሁ፤ እንግዳ ደግሞ የመጣበትን ለመናገር ያፍራል።"

ልዕልት አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

"ወንዳወቅ ስለ ግራና ሰዎች ምን ነግሮሽ ነበር?"

"'ድርሻው የእኔ ብቻ አይደለም' ይለኝ ነበር።" ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ድምፅዋ እንዳይለወጥ ተጠነቀቀች። "ሁሉን ነገር 'የእኛ' የሚል ሰው ነበር። ትሕትናው ነው ብዬ ተውኩት።"

"ትሕትና አልነበረም። ይህ ግቢ የሰባት ቤተሰብ የመስኖ መሬት ነበር። ሲለቁት የተቆረጠላቸውን ካሳ እጃቸው አላስገቡም፤ ድርሻ ይሁንልን ብለው እዚሁ ውስጥ አደረጉት። ወረቀት የሚሠራው ሰውዬ 'ለፈቃዱ አንድ የአገር ሰው ይበቃል፤ ይህ ሁሉ ገበሬ መታወቂያና ፎቶ ይዞ ምን ያመላልሰዋል?' አለ። ጊዜው ሽንኩርት የሚነቀልበት ነው፤ ማን ይመላለሳል? የተማረው ወንዳወቅ ነበር፤ አመንነው።"

"በእናንተ መካከል እንኳ ምንም አልተጻፈም?"

"ዱኣ አደረግን እንጂ!" ሽማግሌውን ጥያቄው ግር አላቸው። "እኔ ቤት። በግ ታርዶ፣ ሰባቱም አባወራ፣ ወንዳወቅም ከማልም ባሉበት። 'ስሙ የወንዳወቅ፣ ሐቁ የስምንታችን፤ ይህን ያፈረሰ የሰው ሐቅ የበላ ነው' ብዬ ያስደረግሁት እኔው ነኝ። ወንዳወቅ አሜን አለ። እኛ አሚን አልን። ከማልም ሁለት እጁን ዘርግቶ አሚን አለ። ከዚያ ወዲያ ምን ይጻፋል?"

"ከማል ያኔ አማርኛ ይሰማ ነበር?"

ሼሁ ከዘራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ይኼን አላሰብነውም" አሉ።

የሚቀጥለው ባጃጅ ሣጥን እያንኳኳ ገባ። ልዕልት እስኪያልፍ ጠበቀች።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባቴ?"

"ልለምንሽ አልመጣሁም። ሞቶብሻል፤ ብቻሽን ነሽ፤ ቤትም የለሽ፤ ይኼንን አውቃለሁ። ሳታውቂ እንዳትፈርሚ ነው የመጣሁት። አሁን አወቅሽ።" በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። "አላህ ያግራልሽ።"

ከምሳ በኋላ ከማል ፒካፑን አስነስቶ ጠራት። አማርኛውን የለመደው ከሾፌርና ከመካኒክ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነው የሚለው፤ ሠራተኞቹ መሳቁን ከተዉ ቆይተዋል።

"ልዕልት፣ ዝግጁ ነህ? ጠበቃው እየጠበቀ ነው።"

መርሳን አልፈው አስፋልቱን ወደ ወልድያ ያዙት። ከማል ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ በየጊዜው ያየዋል።

"ሼህ መጥቶ ነበር" አለ። "ለምን እኔ ጋ አልገባም? ተቆጣ?"

"አልተቆጡም። ከማል፣ ግራና እሳቸው ቤት ዱኣ የተደረገ ዕለት ነበርክ?"

"ነበርኩ። በግ ታርዶ ነበር። በጣም ጥሩ በግ።"

"አሚን ብለሃል?"

"ዱኣ ነው። አሚን ነዋ የሚባለው።"

"የተባለውን ሰምተሃል?"

"ያኔ አማርኛ?" ሳቀ። "'ውሃ' እና 'ስንት ነው' ብቻ ነበር የማውቀው። ለዝናብ፣ ለጤና፣ ለፋብሪካ መሰለኝ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ።"

ሼሁ የነገሯትን አንድም ሳትጨምር ነገረችው። ከማል ሳቁን ተወ። ከፊታቸው ጭነት የከበደው መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል፤ ሊያልፈው ቦታ ነበረው፤ አላለፈውም።

"ማንም አልነገረኝም" አለ በመጨረሻ። "ወንዳወቅም።"

"የምታውቅ መስሎት ይሆናል። አሚን ስትል ሰምቶሃላ።"

"አንተ ስማኝ፣ ልዕልት።" መሪውን ጨበጥ አደረገ። "መጀመሪያ ሕጉ 'ገንዘብህ ትንሽ ነው፤ ከአገር ሰው ጋር ግባ' አለኝ። ገባሁ፤ ወንዳወቅን ወደድኩ። አሁን ገንዘብ ያላቸው ሰዎች 'ብቻህን መሆን ስትችል ሸሪክ ለምን?' ይሉኛል። ቦይለሩን በየቀኑ ታያለህ፤ ሊሞት ነው። ዕቃ ማስመጫ ዶላር የለኝም። እነሱ ካልመጡ መርሳም የለም፣ ኮምቦልቻም የለም። ምን ልሁን?"

ቦይለሩ በየማለዳው ሲያንኳኳ የምትሰማው እሷ ናት። እሱ የሚለው እውነት ነው፤ ሽማግሌው የሚሉትም እውነት ነው። ወልድያ መግቢያ ካለው ፍተሻ ሲደርሱ መታወቂያዋን አወጣች።

ጠበቃው ይታገሱ የወንዳወቅ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ቢሮው ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ነው፤ መስኮቱ ወደ አደባባዩ ያያል። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠላቸው።

"በመጀመሪያው ድርሻው ከወንዳወቅ ወደ ልዕልት ይዞራል። በሁለተኛው ልዕልት ለከማል ትሸጣለች። ልዕልት፣ እዚህና እዚህ ነው የምትፈርሚው።"

ልዕልት እስክሪብቶውን አላነሳችም።

"ይታገሱ፣ የመጀመሪያው ለስምንት ሰው ቢሆንስ?"

"ለየትኛው ስምንት?"

ነገረችው። ይታገሱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ።

"ይኼን ባለፈው ሳምንት ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ባለፈው ሳምንት አላወቅሁማ።"

"እንግዲህ በሕግ ዓይን ድርሻው በሙሉ ያንቺ ነው። የግራና ሰዎች ፍርድ ቤት ቢሄዱ ምን ይዘው ይሄዳሉ?"

"ዱኣቸውን።"

"ዱኣ ማስረጃ አይሆንም፣ ልዕልት።"

"እኔም ፍርድ ቤት አይደለሁም።"

ይታገሱ ሊስቅ ከጅሎ ተወው። "ማድረጉስ ይቻላል" አለ። "ነገር ግን የውጭ ሰው፣ ማለቴ ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው፣ ሸሪኩ ሳይስማማ አይገባም። ከማል ካልፈረመ አይሆንም።"

ሁለቱም ወደ ከማል ዞሩ። ከማል ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር።

"እኔ ያልሰማሁትን ነገር አሚን አልኩ" አለ። "ይኼ አሚን አይቆጠርም።"

"አይቆጠርም ይሆናል" አለች ልዕልት። "እኔ አልፈርድም። አሁን ተነሥተን ግራና እንሂድ። ሼሁ ፊት ተቀመጥና 'ያን ቀን አሚን ያልኩት ሳላውቅ ነው፤ አንሥቼዋለሁ' በላቸው። ይሁን ካሉህ ተመልሼ ሽያጩን እፈርምልሃለሁ።"

ጠረጴዛው ላይ ያለው የከማል ስልክ መጥራት ጀመረ። ከማል ስሙን አየ፤ ገንዘብ የሚያስገቡት ሰዎች እንደሆኑ ፊቱ ይናገራል። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ፤ እንደገና ጠራ። ከማል ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ አደባባዩን ሲዞሩ የነበሩትን ባጃጆች ቆሞ አያቸው። ልዕልት እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አጣመረቻቸው። እምቢ ቢላት ምን እንደምታደርግ አላሰበችም ነበር።

"ሄጄ እንደዚያ አልልም" አለ ሳይዞር። "አሚን ተብሎ ተመልሶ አይበላም። እናቴ ብትሰማ አፌን ነው የምትለኝ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ከስምንት ሰው ጋር ልጨቃጨቅ ነው! ወንዳወቅ አንዱ ብቻውን አድክሞኝ ነበር።"

ልዕልት ሳቀች። ሳቁ ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ቶሎም መልሳ አወረደችው።

ከማል ተመልሶ ተቀመጠና የሽያጩን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"ግን ስማኝ" አለ። "ኮምቦልቻ እንሂድ ወይስ እዚህ እንሙት፣ ለሰባቱም ራሴ እነግራቸዋለሁ። ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ምናልባት ከዚህ በኋላ አይመጡም። ቦይለሩ የሞተ ቀን እኔ ላይ እንዳትጮኹ።"

"እኛም ላይ አትጩህ።"

"እጮሃለሁ" አለ ከማል፤ ይታገሱ ያዘጋጀለትን ስምምነት ሲፈርም ግን ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

ልዕልት ለቶፊቅ ደውላ ስልኩን ለሼሁ እንዲሰጣቸው አደረገች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሽማግሌው እየጮኹ፣ እሷ እየደገመችላቸው፣ ይታገሱ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ የሰባቱን ቤተሰብ ስም አንድ በአንድ መዘገቡ። ሰዎቹ ራሳቸው ነገ መጥተው ይፈርማሉ። ስድስተኛው ላይ ሼሁ ዘገዩ።

"ሰይድ እንድሪስ አልፏል። በሚስቱ በአሚና ይጻፍ።"

"በእሳቸው ስም ብናቆየውስ፣ አባቴ? ወራሽ ተብሎ።"

"የሞተ ሰው ስብሰባ ላይ እጅ አያወጣም፣ ልጄ። ይኼ ቱርክ ሲከራከር ማን ይመልስለታል? አሚናን ጻፊ፤ አሚና ትናገራለች።"

"እሺ፣ አባቴ።"

ስልኩን ስትዘጋ ከማል ወጥቶ ደረጃው ላይ በቱርክኛ ይናገር ነበር፤ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ይታገሱ ጣቶቹን ከኮምፒውተሩ አንሥቶ ጠበቃት።

"የቀረው የእናንተ ነው" አለ። ከወንዳወቅ ጋር ያወራበት የነበረው የድሮ ድምፁ ነበር። "'የአቶ ወንዳወቅ ወራሽ' ብለን ልንተወው እንችላለን፤ ለጊዜው። ስሙም ከዚያው ይቆያል።"

ልዕልት ወደ መስኮቱ አየች። ነገ ጠዋት እንደገና በሩ ላይ ቆማ የወደቀውን ከተለቀመው ትለያለች። ከዚያ ከሰዓት እሷና የግራና ሰዎች ከማልን ከብበው ስለ ቦይለሩ ይነጋገራሉ። ማን ምን እንደሚል፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን አታውቅም።

"በእኔ ስም አድርገው" አለች።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ጻፈው፣ ይታገሱ።"

"በአባትሽ ስም ነው እንግዲህ። ልዕልት አስማማው።"

"ልዕልት አስማማው።"

ማተሚያው እየተንተባተበ አንድ ገጽ አወጣ። ልዕልት ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተሳሳተም። ስምንት የአገር ሰው አለበት። ወንዳወቅ የለበትም።